ድልድይ ሥር የጣልነው ቆሻሻ ወዴት ይሄዳል?

የዛሬው ትምህርታችን በየሰፈሩ እንደነገሩ ስለሚጣል ቆሻሻ ነው። በተለይ መካነ ኢየሱስ ከተማና በእስቴ፣ በጋይንት፣ በስማዳ ያላችሁ ወገኖቼ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ብዙ ሰው ቆሻሻ የከተማን መልክ ያበላሻል ይላል። እውነት ነው። እኔን እንደ ሐኪም የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ቦይ ውስጥ፣ ገደል አፋፍ ወይም ድልድይ ሥር የጣልነው ነገር እዚያው አይቀርም፤ በሦስት መንገድ ተመልሶ ቤታችን ይገባል።

1. በዝንብ
የቤት ዝንብ እንቁላሏን የምትጥለው በበሰበሰ የምግብ ትራፊና በእበት ላይ ነው። ሙቀት ሲኖር ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ አዲስ ዝንብ ይወጣል። ትራኮማን ከዓይን ወደ ዓይን የምታደርሰው ሌላዋ ዝንብ ደግሞ ሜዳ ላይ ያለ የሰው ሰገራ ትመርጣለች። «የሕፃን ነው፣ ምን ችግር አለው» ብለን አጥር ጥግ የምንወረውረውም ሰገራ ነው እኮ!

አማራ ክልል ትራኮማ በዓለም እጅግ ከጸናባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በዘመቻ የሚታደለው ዚትሮማክስ ተሕዋሲያኑን ይገድላል፤ የልጁ ፊት ካልታጠበና ግቢው ካልጸዳ ግን እንደገና ይያዛል። ደጋግሞ የተጠቃ ዓይን ውሎ አድሮ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይዞርና ብሌኑን እየቧጨረ ለዓይነ ስውርነት ይዳርጋል።

2. በውሃ
ክረምት ሲገባ ጎርፍ የጣልነውን ሁሉ ጠርጎ ወደ ምንጭና ወንዝ ያወርዳል። ፌስታል ቦዩን ከደፈነው ደግሞ ጎርፉ ግቢ ይገባል። ተቅማጥና ታይፎይድ የሚከተሉት ከዚህ ነው።

3. በውሻ
የእርድ ተረፈ ምርት ሜዳ ላይ ሲጣል ባለቤት የሌላቸው ውሾች ይሰበሰባሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ። የባህል መድኃኒት እየሞከራችሁ ጊዜ አታጥፉ።

ታዲያ ምን እናድርግ?
«ቆሻሻ መጣል ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም። ሰው የሚያደርግበት ሲያጣ ማታ ወጥቶ ይደፋል። መፍትሔው ከቤት ይጀምራል፤ ቆሻሻን መለየት ነው።

• የሚበሰብሰውን (የአትክልት ልጣጭ፣ የምግብ ትራፊ) ጓሮ በተቆፈረ ጉድጓድ ጨምሩና አፈር አልብሱት። ለጎመኑ ማዳበሪያ ይሆናል።
• ጠርሙስና ቆርቆሮ አጥባችሁ በጆንያ አጠራቅሙ። ስለማይሸት ገዢ እስኪመጣ ይቆያል።
• የሕፃን ሰገራ ሽንት ቤት ይግባ።
• የእርድ ተረፈ ምርትን ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው በጥልቀት ቅበሩት።
• ፕላስቲክ አታቃጥሉ፤ ጭሱ ሳንባን ይጎዳል።

ይህን ካደረጋችሁ የሚቀረው ጥቂት ነው። ለእሱ በዕድራችሁ ተመካከሩና ከቀበሌው ጋር ቦታና ቀን ቁረጡ። በሳምንት አንድ ጊዜ ቢነሣ ብዙው ዝንብ ሳይፈለፈል ይቀራል። የጸዳውን ቦታ ደግሞ ችግኝ ትከሉበት፤ ባዶ ከተተወ ነገ ተመልሶ ይሞላል።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። በ1999 ዓ.ም የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 አባወራና እማወራ ቆሻሻን ለይተው እንዲያስወግዱ ያዝ ነበር። በ2017 ዓ.ም ደግሞ ፓርላማው ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ስለዚህ ገበያ ስትወጡ ዘንቢላችሁን አትርሱ።

በሰፈራችሁ ቆሻሻ የሚደፋበት ቦታ የት ነው? ምንስ ብታደርጉ ይሻላል? ሐሳባችሁን ጻፉልኝ፤ ትምህርቱንም ለጎረቤት አጋሩ።

ጤናችሁ ይብዛ!