ስለ ፍራሽ ንጽሕናና ስለ እሳት ጥንቃቄ



ሰው ከዕድሜው ሢሶውን ያህል ተኝቶ ያሳልፋል፤ ሕፃን ልጅማ ከዚህ ይበልጣል። ስለዚህ ፍራሽ ንጹሕ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ከእሳትም የተጠበቀ ሊሆን ይገባል።

በአሜሪካ አገር ከ1973 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሕግ የታዘዘ የፍራሽ ፈተና አለ። የተለኮሰ ሲጃራ በፍራሹ ላይ ይቀመጣል፤ ቃጠሎው ከ5 ሳንቲ ሜትር ያህል ካለፈ ያ ዓይነቱ ፍራሽ ለገበያ አይወጣም። ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ በነበልባልም ይፈተናል።

ታዲያ በቤታችን ገለባ ሞልተን የምንሰፋውን ፍራሽ ማን ይፈትነዋል? መርማሪዋ እናት ራስዋ ናት። ገለባ ቶሎ ይቀጣጠላል። ስፖንጅም ሲነድ መርዛማ ጭስ ያወጣል፤ ነበልባሉ ሳይደርስ ጭሱ ብቻ የተኛውን ሰው ሊገድል ይችላል። እንግዲህ እነዚህን ደንቦች ጠብቁ፦

1ኛ/ መኝታው ከምድጃው ቢያንስ 1 ሜትር፣ ማለት ሁለት ክንድ ያህል ይራቅ።

2ኛ/ ኩራዝ በመደብ ጠርዝ ወይም በራስጌ አይቀመጥ፤ ልጅ ሲገላበጥ ይጥለዋል። ልጅ በማይደርስበት ስፍራ ይሁን፤ ከመተኛታችሁ በፊትም አጥፉት። በመኝታ ላይ ሲጃራ የሚያጤስ ሰው ካለ ከልክሉት።

3ኛ/ ትኋንና ቁንጫ ለመግደል ብላችሁ ላምባ ወይም ቤንዚን በፍራሽ ላይ አትርጩ። በላምባ ለራሰ ፍራሽ አንድ የእሳት ፍንጣሪ ይበቃዋል። የእህል ተባይ መድኃኒትም መርዝ ነውና መኝታ ላይ አትነስንሱ። ይልቅስ አሮጌውን ገለባ አውጥታችሁ ከቤት ርቃችሁ አቃጥሉት። ጨርቁን በውሃ ቀቅላችሁ በፀሐይ አድርቁት፤ ከዚያ አዲስ ደረቅ ገለባ ሙሉበት። ትኋን ስንጥቅ ውስጥ ስለሚደበቅ ግድግዳውንና መደቡን በጭቃ ምረጉ።

4ኛ/ እሳት ቢነሳ ከሁሉ በፊት ልጆቹን አውጡ። ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ ጎንበስ ብላችሁ ሂዱ። ለዕቃ ብላችሁ ፈጽሞ ወደ ውስጥ አትመለሱ።

5ኛ/ ሰው ቢቃጠል ቁስሉን በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል አብርዱ። ቅቤ፣ ቡና ወይም እበት አታድርጉበት፤ ቁስሉን ያመረቅዘዋል። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት።

እናቶች ሆይ! መኝታን ከእሳት ማራቅ ገንዘብ አይጠይቅም። ዛሬ ማታ ኩራዙን ከማጥፋታችሁ በፊት የልጆቻችሁን መኝታ በደንብ ተመልከቱ።