ታላቅን ማቋረጥ ነውር የማይሆንበት ቦታ



አንዲት እናት የደም ግፊቷን ልትለካ ወደ ክሊኒካችን መጥታ ሳለ ስለ ልጇ ቅር ብሏት አጫወተችን። ልጁ 16 ዓመቱ ነው። በማጌን ዳቪድ አዶም በጎ ፈቃደኛ ሆኖ በአምቡላንስ ይወጣል። አንድ ቀን ደረታቸውን ያመማቸው አንዲት አሮጊት ዘንድ ደረሱ። እማማ ልጁ የአገራቸው ልጅ መሆኑን ሲያዩ በአማርኛ «አስፒሪን የሚባለው ያሳብጠኛል፣ ትንፋሽም ያሳጥረኛል» አሉት። ቆይቶ የደረሰው ፓራሜዲክ አስፒሪን ሊሰጣቸው ሲል ልጁ «ሬጋ!» ብሎ አስቆመው። እናቱ ይህን ስትሰማ፣ «አባቱ የሚሆን ሰው ሥራ ላይ እያለ እንዴት ያቋርጠዋል? እኛ እንዲህ አላሳደግነውም» አለችን።

የእናትየው ቅሬታ ይገባናል። እኛም ያደግነው ታላቅ ሲናገር ታናሽ ዝም በሚልበት ቤት ነው። ነገር ግን እዚያ ክፍል ውስጥ የእማማን ቃል የተረዳ ሰው ያ ልጅ ብቻ ነበር። አስፒሪን የልብ ድካም ለተጠረጠረበት ሰው ጥሩ መድኃኒት ቢሆንም፣ ለማይስማማው ሰው ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል። ልጁ አፍሮ ዝም ቢል ኖሮ፣ ማንም ሳያጠፋ ሰው ሊጎዳ ነበር። ስለዚህ ዛሬ የአምቡላንስ ሠራተኞች እርስ በርስ እንዴት እንደሚነጋገሩና ይህ ለእኛ ቤት ምን እንደሚያስተምር እንመልከት።

በአምቡላንሱ ውስጥ ማን አለ?

101 ስንደውል ብዙ ጊዜ የሚመጣው ነጩ አምቡላንስ ነው። በውስጡ ሾፌር የሆነ ሆቬሽ አለ፤ አብረውት በጎ ፈቃደኞች ይወጣሉ። ወጣቶች ከ15 ዓመታቸው ጀምሮ የ60 ሰዓት ኮርስ ተምረው በዚህ ሥራ ይሳተፋሉ። በሽታው ከባድ ከመሰለ ናታን የሚባለው የከባድ ሕክምና አምቡላንስ ከፓራሜዲክ ጋር ይላካል። እነዚህ ሰዎች አንዳንዴ የሚተዋወቁት በዚያው ቀን ነው። ሥራቸው የሚሰምረው የጋራ የአነጋገር ሥርዓት ስላላቸው ነው።

አንደኛ፦ የሰሙትን መልሶ መናገር

መሪው ትእዛዝ ሲሰጥ ሰውየውን በስሙ ይጠራል፤ «ኦክስጅን አድርግላት» ይላል። የታዘዘው «ኦክስጅን አደርጋለሁ» ብሎ ይመልሳል። ሲጨርስም «ኦክስጅን ተደርጓል» ይላል። ላልለመደው ሰው የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን ሰው በሚያለቅስበትና ቴሌቪዥን በሚጮህበት ቤት ውስጥ፣ ትእዛዙ መሰማቱና መፈጸሙ የሚታወቀው በዚህ ብቻ ነው። «አንዱ ያደርገዋል» የተባለ ሥራ ማንም ሳያደርገው ይቀራል።

ሁለተኛ፦ ስጋትን መናገር

ይህን ትምህርት የጤና ባለሙያዎች ያገኙት ከአውሮፕላን አብራሪዎች ነው። ማርች 27 ቀን 1977 በስፔን ቴነሪፍ ደሴት ሁለት ትልልቅ አውሮፕላኖች በጉም ውስጥ በመንደርደሪያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። ሊነሳ ይንደረደር የነበረው አውሮፕላን ዋና አብራሪ በድርጅቱ የተከበረ የአብራሪዎች አሠልጣኝ ነበር። የበረራ መሐንዲሱ «ያኛው አውሮፕላን ገና ከመንገዱ አልወጣም ይሆን?» ብሎ ጠየቀ። አለቃው «ወጥቷል» ብሎ ቀጠለ፤ መሐንዲሱም ደግሞ አልተናገረም። ከዚህና ከመሰል አደጋዎች በኋላ አየር መንገዶች ታናሹ እንዲናገር፣ አለቃውም እንዲሰማ ማሠልጠን ጀመሩ። ትምህርቱ ከጊዜ በኋላ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍሎችና ወደ አምቡላንስ ገባ።

መናገር ማለት መሳደብ አይደለም። መጀመሪያ «ይቅርታ፣ አንድ ነገር አሳሰበኝ» ይባላል። ካልተሰማ ምክንያቱ ተጨምሮ ጠንከር ብሎ ይደገማል። አደጋው ፊት ለፊት ከሆነ ደግሞ «ቁም!» ይባላል። ጥሩ መሪ በዚህ አይቆጣም፤ ያመሰግናል። አባቶቻችንስ ቢሆኑ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይሉ የለም? በአምቡላንስ ውስጥ ካለመናገር የሚቀረው ነፍስ ነው።

ሦስተኛ፦ በሽተኛውን በአግባቡ ማስረከብ

ሆስፒታል ሲደርሱ የአምቡላንሱ ሰው ለሚዩን ነርስ በአጭሩ ይናገራል፤ የበሽተኛው ዕድሜ፣ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደጀመረ፣ የደም ግፊቱና ስኳሩ ስንት እንደሆነ፣ ምን መድኃኒት እንደተሰጠ። «መቼ ጀመረ» የሚለው ቀላል ጥያቄ አይደለም። በስትሮክ ጊዜ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

ቤተሰብም የቡድኑ አባል ነው

ሠራተኞቹ የቱንም ያህል ቢግባቡ፣ ከእኛ ያልሰሙትን አያውቁም። ስለዚህ፦

• 101 ስትደውሉ መጀመሪያ አድራሻውን ተናገሩ። ዝጉ እስኪባል ስልኩን አትዝጉ።

• ሁሉም በአንድ ጊዜ አይናገር። ዕብራይስጥ የሚችል አንድ ሰው ምረጡ፤ ሌላው ወርዶ በር ይክፈት።

• «እንዴት ነዎት?» ሲባል ሽማግሌዎቻችን በለመዱት ጨዋነት «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ሆቬሹ ግን ሰላምታ እየሰጠ ሳይሆን እየመረመረ ነው። ምስጋናውን አስቀድሙ፤ ከዚያ የሚያማችሁን ሳትደብቁ ንገሩት።

• «ልቤን አመመኝ» ስትሉ በጣታችሁ አሳዩ። አንዱ ደረቱን፣ ሌላው ጨጓራውን ለማለት ይህንኑ ቃል ይጠቀማል።

• የምትወስዱትንና የማይስማማችሁን መድኃኒት በዕብራይስጥ አጽፋችሁ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉ። በክሊኒካችሁ ያሉ ነርሶች ይጽፉላችኋል።

• የተነገራችሁ ካልገባችሁ «አልገባኝም፣ ድገሙልኝ» በሉ። ከዚያ የገባችሁን መልሳችሁ ንገሯቸው።

ክፍያ ፈርተው ሳይደውሉ የሚቆዩም አሉ። በአምቡላንስ ተወስዶ ሆስፒታል የተኛ ሰው ክፍያውን ኩፓት ሆሊም ይሸፍንለታል። ሳይተኛ ለተመለሰ ሰው ሒሳብ ወደ ቤቱ ሊመጣ ይችላል። ወረቀቱን ሳትጥሉ ወደ ኩፓት ሆሊማችሁ ወስዳችሁ መብታችሁን ጠይቁ። የደረት ሕመም፣ የአፍ መጣመምና የትንፋሽ ማጠር ግን ሒሳብ እስኪታሰብ አይጠብቁም።

ልጆቻችሁ በዚህ መንገድ ሲጀምሩ አበረታቷቸው። ከበጎ ፈቃድ ተነስቶ ሆቬሽ፣ ከዚያም ፓራሜዲክ መሆን ይቻላል። በቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲም የድንገተኛ ሕክምና ዲግሪ ይሰጣል። ሁለት ቋንቋ የሚሰማ ልጅ ለዚህ ሥራ ሀብት ነው።

ለዚያች እናት የነገርናትም ይህንኑ ነው፤ «ልጅሽ ታላቁን አልናቀም። እማማን አክብሮ፣ የነገሩትን ቃል አደረሰላቸው።» ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ «እንግዲያማ ማታ ይቅርታ ልጠይቀው ነው» አለችን።