የደም ማቅጠኛ መርፌ፦ ባልና ሚስት አብረው ሊያውቁት የሚገባ



ወደ ክሊኒካችን የሚመጡ እናቶች «መርፌ» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚላቸው በየሦስት ወሩ የሚወሰደው የወሊድ መከላከያ ነው። የዛሬው ትምህርታችን ግን ስለ ሌላ መርፌ ነው። ይህም በሆድ ቆዳ ሥር በየቀኑ የሚወጋው የደም ማቅጠኛ ነው።

አንዲት አራስ እናት አንድ እግሯ አብጦ ሆስፒታል ከተኛች በኋላ ይኸው መርፌ ታዝዞላት ወደ ቤቷ ተመለሰች። እብጠቱ ሲጎድል «ድኛለሁ» ብላ በሁለተኛው ሳምንት አቋረጠችው። ባለቤቷም የመድኃኒቱ ዋጋ ከብዶት ስለነበር ዝም አለ። ወደ እኛ የመጣችው የወሊድ መከላከያ ፈልጋ ነበር፤ ጉዳዩ የታወቀው ስንጠይቃት ነው። በዚያው ዕለት ወደ ሐኪሟ መልሰን ላክናት። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነውም ሌሎች ባልና ሚስት እንዲህ ዓይነት አደጋ ላይ እንዳይወድቁ በማሰብ ነው።

ደም ለምን ይረጋል?

በእርግዝና ጊዜ ደም ከወትሮው ይልቅ በቀላሉ ይረጋል። ይህም በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም እንዳይፈስ የተፈጥሮ መከላከያ ነው። ይሁን እንጂ ደሙ በእግር ሥር ውስጥ ሊረጋ፣ ከዚያም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድና በድንገት ሊገድል ይችላል። አደጋው ይበልጥ የሚያሰጋው ከወሊድ በኋላ ባሉት 6 ሳምንታት ነው። በቀዶ ጥገና የወለደች፣ ከዚህ በፊት ደም የረጋባት ወይም ብዙ ቀን የተኛች እናት ይበልጥ ትጋለጣለች። አራስን መንከባከብ መልካም ባህላችን ነው፤ ነገር ግን አራሷ ቀኑን ሙሉ ከአልጋ ሳትወርድ መዋል የለባትም። ሐኪም ካልከለከላት በስተቀር ቶሎ ተነሥታ በቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትበል፤ ውኃም በብዛት ትጠጣ።

መድኃኒቱ ምንድን ነው?

በብዛት የሚታዘዘው ኢኖክሳፓሪን ይባላል። ከሄፓሪን የሚሠራ ሲሆን፣ የረጋው ደም እንዳያድግና አዲስ እንዳይረጋ ያደርጋል። የረጋውን ቀስ በቀስ የሚያሟሟው ግን ሰውነታችን ራሱ ነው። እብጠቱ ጎደለ ማለት በሽታው አለቀ ማለት ያልሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። በእርግዝና ምክንያት ደም ለረጋባት እናት ሕክምናው እስክትወልድና ከወለደችም በኋላ ቢያንስ 6 ሳምንት፣ በድምሩ ከ3 ወር ላላነሰ ጊዜ ይቀጥላል።

ዋርፋሪን የሚባለው የሚዋጥ የደም ማቅጠኛ ወደ ፅንሱ አልፎ ሊጎዳው ይችላል። ሄፓሪንና ኢኖክሳፓሪን ግን በእንግዴ ልጁ በኩል አያልፉም፤ ጡት ማጥባትንም አይከለክሉም።

ብዙዎች በሹክሹክታ የሚጠይቁን አንድ ነገር አለ። አዎ፣ መድኃኒቱ የሚዘጋጀው ከአሳማ አንጀት ሽፋን ነው። ይህ የሚያሳስባችሁ ከሆነ ለሐኪማችሁ በግልጽ ንገሩት፤ የንስሐ አባታችሁን ወይም የሃይማኖት መምህራችሁንም አማክሩ። ለሁሉም ሰው የሚታዘዝ ባይሆንም፣ ከእንስሳ የማይሠራ ፎንዳፓሪነክስ የሚባል መድኃኒት መኖሩንም እወቁ። በድብቅ ማቋረጥ ግን ሕይወት ያሳጣል።

እንዴት ይገኛል?

መርፌው ያለ ሐኪም ማዘዣ አይገዛም። ለእኛ ለኮልፌ ነዋሪዎች ቅርብ የሆኑት ትላልቅ ሆስፒታሎች አለርትና ቅዱስ ጳውሎስ ናቸው። መጀመሪያ የታከማችሁበትን ሆስፒታል ፋርማሲ፣ ቀጥሎም የከነማንና የቀይ መስቀልን ፋርማሲዎች ጠይቁ። የጤና መድን አባል ከሆናችሁ መታወቂያችሁን ይዛችሁ ሂዱ። በሻንጣ ከሚያዞር ሰው አትግዙ፤ እንዴት እንደተቀመጠ አይታወቅምና።

በማዘዣው ላይ ያለው መጠን፣ ለምሳሌ 40 ወይም 60 ሚሊግራም፣ በመርፌው ላይ ከተጻፈው ጋር መመሳሰሉን አረጋግጡ፤ የአገልግሎት ጊዜውንም ተመልከቱ። የታዘዘው መጠን ከጠፋ በግምት አትከፋፍሉ፤ ወደ ሐኪሙ ተመለሱ። አምስት መርፌ ሲቀር ፍለጋ ጀምሩ። መድኃኒቱ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ይቀመጣል፤ በረዶ መሆን የለበትም።

እንዴት ይወጋል?

መጀመሪያ ነርስ ታሳያችሁ። ከዚያ በኋላ ባልም ሊማረው ይችላል።

1. እጅን በሳሙና መታጠብ።
2. ከእምብርት ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ አንድ ቀን በቀኝ፣ አንድ ቀን በግራ በኩል መውጋት።
3. ቆዳውን በሁለት ጣት ቆንጥጦ ይዞ መርፌውን ቀጥ አድርጎ ማስገባት። ሙሉውን መጠን የምትወስዱ ከሆነ በመርፌው ውስጥ ያለችው የአየር አረፋ አትወጣም።
4. ከተወጉ በኋላ ቦታውን አለማሸት።
5. በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መውጋት። አንድ ቀን ቢረሳ በማግስቱ እጥፍ አለመውሰድ።
6. ያገለገለውን መርፌ ክዳን ባለው ጠንካራ ዕቃ አጠራቅሞ ለጤና ጣቢያ ማስረከብ።

በተወጋው ቦታ ትንሽ መበለዝ ያጋጥማል፤ አያስደነግጥም። አስፕሪንና ዳይክሎፌናክ ግን ደም ሊያፈሱ ስለሚችሉ ሐኪም ሳታማክሩ አትውሰዱ። ምጥ ሲጀምር ቀጣዩን መርፌ ሳትወጉ ወደ ሆስፒታል ሂዱ፤ የመጨረሻውን የወሰዳችሁበትንም ሰዓት ተናገሩ።

ሳትዘገዩ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶች

• የአንድ እግር ማበጥና ሕመም
• ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት፣ ደም የቀላቀለ ሳል
• የማይቆም የማህፀን ወይም የአፍንጫ ደም፣ ጥቁር ሰገራ
• ከባድ ራስ ምታት

የወሊድ መከላከያስ?

ደም የረጋባት ሴት ኤስትሮጅን ያለበትን የተለመደ እንክብል መውሰድ የለባትም፤ ደም እንዲረጋ ያግዛልና። የመዳብ ሉፕ ሆርሞን ስለሌለው ደም አያረጋም፤ ሆኖም የወር አበባን ሊያበዛ ይችላል። በክንድ የሚቀበረውና የሦስት ወሩ መርፌ መቼ እንደሚጀመሩ ባለሙያው ይወስናል። ኮንዶምም አለ። ስለሆነም ወደ እኛ ስትመጡ «ደም ረግቶብኝ ነበር» ማለትን አትርሱ።

ውድ ባሎች፣ ይህ መርፌ የሚስት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሰዓቱን አስታውሱ፣ መድኃኒቱን ፈልጉ፣ ገንዘብ ካጠረም ከማቆማችሁ በፊት ወደ ሐኪም ወይም ወደ እኛ ኑ። አብረን መላ እንፈልጋለን።