ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆን፦ ለጀማሪዋ መምህርት ዘጠኝ ምክሮች

የእህቴ ልጅ፣ ለከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም (ኤች ዲ ፒ) ሥልጠናሽ የጻፍሽው «የማስተማር ፍልስፍናዬ» የሚለው ገጽ ደርሶኝ ሁለቴ አነበብኩት። «ተማሪን ማዕከል ያደረገ፣ አሳታፊ፣ ፍትሐዊ» ይላል። መልካም ቃላት ናቸው። እኔም በዘመኔ ለዲፓርትመንት ኃላፊም ለዕድገት ኮሚቴም እንዲህ ያሉ ገጾች ጽፌአለሁ። ተማሪዎችሽ ግን ያንን ገጽ አያዩትም። እነሱ የሚያነቡት የኮርስ አውትላይንሽን፣ ፈተናሽን፣ ወረቀት የምትመልሺበትን ቀንና በርሽ ሲንኳኳ የምታሳዪውን ፊት ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል የአፈር ሳይንስ አስተምሬ ጡረታ ስወጣ ይዤው የወጣሁት እምነት አንድ ነው፦ መምህር ያምንበታል የተባለ ነገር ሰዓት ወይም ማርክ ካልተመደበለት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው። ከዚህ በታች የምልሽ ሁሉ የዚችው ዝርዝር ነው።

1. ሦስት ብቻ ያዢ።

የሦስት ክሬዲት ኮርስ በሳምንት ሦስት ሰዓት ነው፤ በ16 ሳምንት 48 ሰዓት። ከዚያ ላይ ፈተና፣ በዓልና መብራት የጠፋበት ቀን ይቀነሳል። በዚህች ጊዜ ዐሥር እሴት አይስተናገድም። ሦስቱን ስትመርጪ ከሥልጠና መጽሐፍ አትቅጂ፤ አንቺን ሰው ያደረጉሽን መምህራን አስቢ። እኔ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ የሠራነውን ወረቀት ሳምንት ሳይሞላ የሚመልስ መምህር ነበረን። መልሳችን ትክክል ቢሆንም እንኳ ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ «ለምን?» ብሎ ይጽፍ ነበር። ሌላው ደግሞ የሚድ ወረቀታችንን ሳይመልስልን ሴሚስተሩ አለቀ። ከመጀመሪያው ሁለት፣ ከሁለተኛውም አንድ እሴት ወሰድኩ። ለእኔ ሦስቱ ከዚያ መጡ፦ ምክንያት መጠየቅ፣ በጊዜ መመለስ፣ የተማሪን ድካም አለመናቅ።

2. እያንዳንዱን ቃል በማርክ መንዝሪው።

ይህን የተማርኩት በውርደት ነው። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሁሌ «በዚህ ኮርስ ሽምደዳ ዋጋ የለውም፤ እኔ የምፈልገው ምክንያት ነው» እል ነበር። አንድ ዓመት ሰባ ተማሪ ነበረኝ፤ ግሬድ የማስረከቢያው ቀን ደግሞ ደረሰ። ለማረም እንዲቀለኝ ፋይናሉን በሙሉ ምርጫ አደረግሁት፤ ስልሳ ጥያቄ፣ አብዛኛውም የስምና የቁጥር። ከውጤቱ በኋላ አንድ ልጅ ወረቀቱን ይዞ ቢሮዬ መጣ። ጥቁር አፈር በበጋ ለምን እንደሚሰነጠቅ ከእሱ የተሻለ ያስረዳ ተማሪ አልነበረኝም፤ በፈተናው ግን ወድቋል። ማርክ ይለምነኛል ብዬ ስጠብቅ «ቲቸር፣ ክፍል ውስጥ የነገሩንን አምኜዎት ነበር» ብሎኝ ወጣ።

ክሪስ አርጊሪስና ዶናልድ ሾን የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሰው «አምንበታለሁ» የሚለውና በተግባር የሚመራበት ሐሳብ የተለያዩ መሆናቸውን፣ ባለቤቱም ልዩነቱን ብዙ ጊዜ እንደማያየው ጽፈዋል። እኔ ልዩነቱን ያየሁት ያ ልጅ በሩን ዘግቶ ሲወጣ ነው። በሚቀጥለው ሴሚስተር ምርጫውን ወደ ሠላሳ ዝቅ አድርጌ፣ «ለምን?» የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ጨመርኩ፤ 40 ማርክ ያዙ። መልሱ ከግማሽ ገጽ እንዳይበልጥ ስላዘዝኩም እርማቱ አልገደለኝም።

«ተማሪው ብዙ ነው፤ አይቻልም» እንዳትዪኝ የቅኔ ቤቱን ተመልከቺ። እዚያ የሚከበረው አዲስ ነገር መፍጠር ነው። ስለዚህ ተማሪው የሰው ቅኔ ሸምድዶ አይገላገልም፤ የራሱን ይቆጥራል፣ ቀርቦም ይነግራል። የኔታ ሁሉንም ብቻቸውን ሰምተው ስለማይጨርሱ ጀማሪዎቹን የሚሰሙ፣ የሚያርሙ አስነጋሪዎች አሉ። የሚያምኑበት ነገር የዕለት ሥራቸው ሆኗል፤ ለሰው ብዛቱም መላ አበጅተውለታል። አንቺም ከጎበዞቹ ተማሪዎችሽ አስነጋሪ ማውጣት ትችያለሽ።

3. ተማሪው ከቤቱ ይዞት የመጣውን ዕውቀት ቦታ ስጪው።

«ተማሪን ማዕከል ያደረገ» ብለሻል። እኔም እል ነበር፤ ግን አንድ ሳምንት ሙሉ ስለ ጥቁር አፈር በስላይድ ሳስተምር፣ በእጁ ሲያርሰው ያደገ ልጅ ከፊቴ መቀመጡን አላሰብኩም። ይህ አፈር በአገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይሸፍናል፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ክፍተቱ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። በሳምንቱ መጨረሻ ለላብ አንድ ፌስታል እርጥብ መረሬ፣ ማለትም ጥቁር አፈር፣ አመጣሁ። ሙከራው ቀላል ነው፦ አፈሩን አሽተሽ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ትገፊዋለሽ፤ አሸዋማ ከሆነ ወዲያው ይቆረጣል፣ ሸክላ ከበዛው እንደ ጥብጣብ ይረዝማል።

አፈሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከሰሜን ሸዋ የመጣች አንዲት ዝምተኛ ተማሪ ጋ ደረሰ። ቀልጠፍ ብላ አሸችው፤ ጥብጣቡ ከመዳፏ አልፎ ተንጠለጠለ። ከዚያ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ በአማርኛ «ይሄ ገና ነው፤ አሁን ቢታረስ በሬ ይገድላል» አለች። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔ ግን ቀጥዪ አልኳት። ክረምቱ ሲወጣ ውኃው ከላይ ጠፎ ከሥር እንደሚቀር፣ አባቷ ሽምብራውን በዚያን ጊዜ እንደሚዘራ፣ ሽምብራውም ሌላ ዝናብ ሳይጠብቅ ከሥር ባለው እርጥበት እንደሚደርስ ነገረችን። ሳምንቱን ሙሉ በእንግሊዝኛ ስለ ቀሪ እርጥበት ስለፈልፍ የከረምኩትን በአምስት ደቂቃ ጨረሰችው።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ የመጀመሪያው አሳይመንት ይህ ሆነ፦ ከየአገራችሁ አንድ ጭብጥ አፈር አምጡ፤ በሰፈራችሁ ማን እንደሚባል፣ ምን እንደሚዘራበት፣ መቼ እንደሚታረስ ገበሬ ጠይቃችሁ ጻፉ፤ 10 ማርክ። አንዱ መረሬ ያለውን ሌላው ዋልካ፣ ሦስተኛው ኮቲቻ ብሎ ይመጣል። ከተሜዎቹ ቅር እንዳይላቸው የመንደራቸውን ጓሮ ወይም የመንገድ ዳር ቁፋሮ እንዲያመጡ ፈቅጄ ነበር። አንቺ የምታስተምሪው አካውንቲንግ ይሁን ሕግ የአንቺ መረሬ አለ። በባለ ሱቁ የዱቤ ደብተር፣ በእድሩ መዝገብ፣ በሽማግሌ ፊት በተፈታው የድንበር ክርክር ውስጥ ፈልጊው።

4. ዝምታን ታገሺ።

ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ የአንደኛ ደረጃ የሳይንስ ክፍሎችን ቀርጻ ስታዳምጥ፣ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው የሚታገሡት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኘችው። ትዕግሥቱ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲሆን የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። የእኛ ተማሪ ደግሞ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ አስቦ፣ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ፣ እንዳይሳቅበት ሰዋስዉን መርምሮ ነው እጁን የሚያወጣው። ሦስት ሰከንድ አይበቃውም። እኔ ጠይቄ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞርና ንጹሑን ሰሌዳ በዳስተር እየጠረግሁ በልቤ እስከ ዐሥር እቆጥር ነበር። የቡድን ውይይት በፈለጉት ቋንቋ ይሁን፤ ለክፍሉ የሚያቀርቡትን በእንግሊዝኛ ያድርጉት። «ጥያቄ አለ?» ማለቱንም ተዪው፤ መልሱ ሁሌ «የለም» ነው። በምትኩ «ያልገባችሁን አንድ ቃል በብጣሽ ወረቀት ጻፉ» በያቸው።

5. ስም ጥሪ፤ ቡድን ቀላቅዪ።

ለሬጅስትራር ተማሪ መታወቂያ ቁጥር ነው፤ ለአንቺ ግን ስም ይኑረው። የማታውቂውን ስም እንዴት እንደሚጠራ ጠይቂና በስም ዝርዝርሽ ላይ እንደተጠራው ጻፊው። ተማሪዎችሽ ከአገሩ ማዕዘን ሁሉ ተመድበው የመጡ ናቸውና ቡድን ራሳቸው ይመሥርቱ ካልሽ በመጡበት ይሰበሰባሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያልሽ አስቆጥሪና አንዶቹን በአንድ በኩል፣ ሁለቶቹን በሌላ በኩል አስቀምጪ። ስለ አብሮነት ንግግር ማድረግ አያስፈልግሽም።

6. ፍትሕ ከልመና በፊት ይወሰን።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ «ቲቸር፣ በእናትሽ፣ አንድ ማርክ ብቻ» የሚል ይመጣል። ታሪኩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ እናቱም ታማ ይሆናል። ነገር ግን ለለመነው የጨመርሽው፣ መለመን አፍሮ ዶርሙ ከተቀመጠው የተነጠቀ ነው። ስለዚህ ደንቡን በመጀመሪያው ቀን አውትላይኑ ላይ ጻፊው፦ ሁሉም ወረቀቱን ያያል፤ የእርማት ስህተት ያገኘ በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያመለክታል፤ ከዚያ ውጭ ማርክ አይነካም። ስታርሚ የስሙን ጥግ አጥፈሽ አርሚ፤ አንደኛውን ጥያቄ የሁሉንም ጨርሰሽ ወደ ሁለተኛው እለፊ። በግቢዎቻችን ሴት ተማሪ ስለ ግሬድ ስትጠራ ልቧ የሚደነግጠው በከንቱ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። የቢሮሽ በር ክፍት ይሁን፤ የቢሮ ሰዓትሽ በሩ ላይ ይለጠፍ። ወንዶቹ ባልደረቦችሽም እንዲሁ እንዲያደርጉ ሳታፍሪ ጠይቂያቸው።

7. እሴትሽን ስትይዢ እምነትሽን አትጫኚ።

ፖለቲካሽና ሃይማኖትሽ የአንቺ ናቸው። የክፍል እሴት የሚባለው ከአንቺ የማይስማማውን ተማሪ ጭምር የሚያገለግለው ነው። ራስሽን የምትፈትሺበት መንገድ ልንገርሽ፦ ባለፈው ሴሚስተር ሐሳብሽን ተቃውሞ ኤ ያገኘ ተማሪ አለሽ? ከሌለሽ «አሳታፊ» የሚለውን ከገጽሽ ላይ ሰርዢው። የተሳሳትሽ ቀንም «ትናንት ያልኳችሁ ስህተት ነው» ብለሽ ሰሌዳው ላይ አርሚው። ስለ ሐቀኝነት አንድ ሰዓት ከማስተማር ይበልጣል።

8. የመውጫ ፈተናን ሰበብ አታድርጊ።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። ባልደረቦችሽ «ፈተናው ምርጫ ነው፤ እኛም ምርጫ እናለማምድ» ይሉሻል። የልጆቹ ዕጣ ስለሆነ አትናቂው። ነገር ግን ምርጫም በ«ለምን» ይማራል፦ አንድ ጥያቄ ስጪያቸውና ትክክለኛውን መልስ ራስሽ ንገሪያቸው፤ የቀሩት ሦስቱ ለምን ስህተት እንደሆኑ እነሱ ይጻፉ። ሽምደዳ ይህን አይመልስም፤ ፈተናውንም በዚያው ያልፋሉ። ፕሮጀክተሩ ሲበላሽ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋም ይህ አይጓደልብሽም፤ ጠመኔና ወረቀት ይበቃዋል።

9. በአጋማሹ ጠይቂያቸው፤ የሰማሽውንም መልሰሽ ንገሪያቸው።

በሴሚስተሩ መጨረሻ የሚሞላው የመምህር ግምገማ ቅጽ ለሞሉት ተማሪዎች አይደርስላቸውም፤ ኮርሱ አልቋል። በስምንተኛው ሳምንት ዐሥር ደቂቃ ቀንሺና ግማሽ ወረቀት ስም ሳይጻፍበት አስሞዪ፦ ምን ልቀጥል? ምን ልተው? ለእኔ በመጀመሪያው ጊዜ ከመጡልኝ ወረቀቶች ብዙዎቹ «ሲናገሩ ይፈጥናሉ» ይሉ ነበር። አንዱ ግን «ጥያቄ ስንጠይቅ ሰዓትዎን ያያሉ» ይላል። ዕድሜ ልኬን ተማሪ አከብራለሁ ስል የኖርኩ ሰው፣ እጄ ላይ ያሰርኳት ሰዓት ስታጋልጠኝ እንደኖረች አላወቅሁም። በማግስቱ ወረቀቶቹን ይዤ ገባሁና የምቀይረውንና የማልቀይረውን ከነምክንያቱ ነገርኳቸው፤ ሰዓቴንም ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። ከዚያ በኋላ እስከ ጡረታዬ ድረስ በእጄ አስሬያት ክፍል አልገባሁም።

ልጄ፣ ገጽሽን መልሼ ልኬልሻለሁ። አንድም ቃል አልሰረዝኩም። ከሦስቱ ቃላት ጎን ግን ሁለት ሁለት ባዶ መስመር አስምሬአለሁ፤ በአንዱ ስንት ሰዓት፣ በሌላው ስንት ማርክ እንደመደብሽለት ጻፊበት። ባዶ የቀረ መስመር ካለ ቃሉን አጥፊው፤ ወይም ሰኞ ክፍል ከመግባትሽ በፊት አውትላይንሽን ቀይሪ።