አማካሪዬ አሳስቶኝ ምርቃቴ ቀረ፤ ማንን ልጠይቅ?

ጥያቄ፦ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ዲፓርትመንት ስቀይር አማካሪዬ «ያ ኮርስ ቀድሞ በወሰድሽው ይያዝልሻል» ብሎ የምዝገባ ስሊፔ ላይ ፈረመልኝ። አሁን ሬጅስትራር «ኮርስ ይጎድልሻል፣ የመውጫ ፈተና አትቀመጪም» አለኝ። አማካሪው ደግሞ አላስታውስም ይላል። መብቴ እስከ የት ነው?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ስሊፑን ይፈልጉ። እርስዎ ጋር ከሌለ ከፋይልዎ ቅጂ እንዲሰጥዎት ሬጅስትራሩን በጽሑፍ ይጠይቁ። ፊርማው ከተገኘ የአማካሪው ማስታወስ አለማስታወስ ክብደት የለውም። በቴሌግራም የተጻጻፋችሁት ካለ አያጥፉት፤ በቃል ብቻ ከሆነ ግን አብሮዎት የነበረ ተማሪ መመስከር አለበት።

አንድ ነገር ግን አልሸሽግዎትም። የአማካሪ ፊርማ ኮርስ አይተካም። ማንም ዳኛ ያልተማሩትን ኮርስ ተምረዋል ብሎ ዲግሪ አያሰጥዎትም። ስለዚህ ማመልከቻዎ «ፍትሕ ይሰጠኝ» ብቻ የሚል አይሁን። የሁለቱን ኮርሶች አውትላይን አያይዘው ይዘታቸው ተቀራራቢ ከሆነ እንዲተካልዎት፣ ካልሆነም ኮርሱ በቅርቡ ተርም ወይም በክረምት እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። ለዲፓርትመንት ኃላፊው ጽፈው ለዲኑና ለሬጅስትራሩ ግልባጭ ያድርጉ። እኔ እንደማየው ብዙው እዚህ ያልቃል፤ ኃላፊውም ፊርማ ያለበት ወረቀት ዲኑ ጋ እንዲደርስ አይወድም።

እምቢ ካሉ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር ተቋማት ውሳኔያቸውን ከነምክንያቱ እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ ውሳኔው በፍርድ ቤት እንዲከለስም በር ይከፍታል። ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለትም ይችላሉ፤ ገንዘብ አያስከፍልም።

ካሳውስ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ መንግሥትንም መጠየቅ ይቻላል። አማካሪው የፈረመው በሥራው ላይ ሆኖ ስለሆነ የእርስዎ ጉዳይ ወደዚህ ያደላል። የሚያስቆጥሩት የተጨማሪውን ጊዜ የቤት ኪራይ፣ የምግብና የትራንስፖርት ወጪ ነው። የቀረ ደመወዝ የሚጠይቁት የሥራ ቅጥር በእጅዎ እንደነበር ካስረዱ ነው። ስለ ኀዘንና ስለ ውርደት ብዙ አይጠብቁ፤ አንቀጽ 2116 የሞራል ካሳን ከ1,000 ብር እንዳያልፍ ገድቦታል። ሕጉ በወጣበት በ1952 ዓ.ም. ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ስንት ቀን ምሳ እንደሚያበላ እርስዎ ያውቁታል።

ዩኒቨርሲቲው «ካሪኩለሙን ማወቅ የተማሪው ግዴታ ነው» ብሎ የሴኔት ሌጅስሌሽኑን መጥቀሱ አይቀርም። ክርክሩ ባዶ አይደለም። በአንቀጽ 2098 መሠረት ተጎጂው ራሱ ጥፋት ካለበት ካሳው ይቀነሳል፤ ካሪኩለሙ በእጅዎ እያለ ሁለት ዓመት ሙሉ አለማየትዎ ይጠየቅበታል። ሆኖም ተቋሙ አማካሪ መድቦ፣ ያለ እርሱ ፊርማ አልመዘግብም እያለ፣ ሸክሙን በሙሉ ተማሪው ላይ መጣሉን እኔ አልቀበለውም።

የግል ኮሌጅ ተማሪ ቢሆኑ ኖሮ መሠረቱ ውል በሆነ ነበር፤ የይርጋው ዘመንም በመርህ ደረጃ 10 ዓመት ነው። የእርስዎ ግን በአንቀጽ 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ 2 ዓመት ብቻ ነው። ማመልከቻ ደጋግሞ ማስገባት ይህን ጊዜ ያቆምልኛል ብለው አይመኩ።

ማመልከቻውን በዚህ ሳምንት ያስገቡ። በቅጂዎ ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ሳያስደርጉ ከመዝገብ ቤቱ አይውጡ።