ጤፍና ተርባይን በአንድ ማሳ

ከአዳማ ከተማ ወጣ ብለው በሚገኙት ኮረብታዎች ላይ የተሰለፉትን ነጫጭ ምሰሶዎች ብዙዎቻችን በመኪና ስናልፍ አይተናቸዋል። ቀዳሚው ማመንጫ አዳማ አንድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ 34 ተርባይኖች፣ በድምሩ 51 ሜጋ ዋት አለው። በ2015 ከተከተለው ከአዳማ ሁለት (153 ሜጋ ዋት) ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው። ከምሰሶዎቹ ሥር ጤፍ ይዘራል፣ ከብትም ይሰማራል። ለመሆኑ ከዚህ ነፋስ ምን ያህል ጉልበት ይገኛል? ለዚህስ ገበሬው ምን ይከፍላል?

ነፋስ በእንቅስቃሴ ላይ ያለ አየር እንደመሆኑ መጠን ጉልበተ እንቅስቃሴ አለው። በአንድ ሴኮንድ ውስጥ በሽክርክሪቱ ክብ የሚያልፈው የአየር መጠነ ቁስ ከፍጥነቱ ጋር እኩል ያድጋል። እያንዳንዱ ኪሎ ግራም አየር የሚሸከመው ጉልበት ደግሞ ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ያድጋል። ሁለቱ ሲባዙ የሚከተለውን እናገኛለን፦

አቅም = ½ × የአየር እፍግታ × የክቡ ስፋት × (የነፋስ ፍጥነት)³

የዚህ ቀመር ምሥጢር ያለው በኩቡ ላይ ነው። የነፋሱ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ አቅሙ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። መሐንዲሶች ማመንጫውን ከመትከላቸው በፊት የነፋሱን ፍጥነት ቢያንስ ለአንድ ዓመት ያህል በቦታው የሚለኩት ስለዚህ ነው፤ በፍጥነት ግምት ላይ የሚፈጠር የ10 በመቶ ስሕተት በአቅም ላይ 30 በመቶ ያህል ልዩነት ያስከትላልና።

አሁን በቁጥር እንሥራው። የሽክርክሪቱ ዲያሜትር 77 ሜትር ሲሆን የሚጠርገው ክብ 4,657 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። በ1,800 ሜትር ከፍታና በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት የአየር እፍግታ በኩቢክ ሜትር ወደ 0.97 ኪሎ ግራም ነው። በሴኮንድ 8 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ እንግዲህ 1.16 ሜጋ ዋት ያህል ይሸከማል። ይኸው ነፋስ በባሕር ዳርቻ ቢነፍስ፣ እፍግታው 1.225 ስለሆነ፣ 1.46 ሜጋ ዋት በተሸከመ ነበር። ደጋችን ከፍታ በመስጠት ነፋስ ቢያበረክትልንም በአየሩ መሳሳት ከአምስት እጅ አንዱን መልሶ ይወስድብናል።

ከዚህም ቢሆን ሁሉን መውሰድ አይቻልም። ነፋሱ ጉልበቱን በሙሉ ቢያስረክብ ኖሮ ከሽክርክሪቱ ጀርባ ቆሞ ይቀርና ለሚከተለው አየር መንገድ ይዘጋ ነበር። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ አልበርት ቤትስ እ.ኤ.አ. በ1920 እንዳሳየው ከፍተኛው ድርሻ 16/27፣ ማለትም 59.3 በመቶ ነው። በተግባር 40 በመቶ ብናገኝ ከላይ ከተሰላው 1.16 ሜጋ ዋት 460 ኪሎ ዋት ያህል ይቀረናል። ተርባይኑ ሙሉ አቅሙን የሚሰጠው በሴኮንድ ከ11 ሜትር በላይ ሲነፍስ ነው።

ለአገራችን ግን ከመጠኑ ይልቅ ወቅቱ ይበልጥ ይጠቅማል። ከኤሌክትሪካችን አብዛኛው የሚገኘው ከግድቦች ሲሆን ግድቦቹ በበጋ ውሃ ይቀንሳሉ። የአዳማ ነፋስ የሚበረታው በዚሁ በበጋ ወራት ነው።

ወደ መሬቱ እንመለስ። ከአንድ ተርባይን ጀርባ ያለው አየር የደከመና የታወከ ስለሆነ፣ ቀጣዩ ተርባይን በነፋሱ አቅጣጫ ከዲያሜትሩ ከ5 እስከ 9 እጥፍ፣ ማለትም ከ385 እስከ 690 ሜትር ርቆ ይተከላል። በመካከል ያለው ሰፊ ቦታ ለእርሻ ክፍት ነው። ለዘለቄታው የሚወሰደው የምሰሶው ሥር፣ የክሬን መቆሚያውና መንገዱ ነው። መንገዱን ማንም ባያስበውም፣ ረጃጅም ክንፎችን የጫነ ተሽከርካሪ በጠባብ ጥምዝ ማለፍ ስለማይችል፣ ከምሰሶው ይልቅ ማሳውን የሚቆራርጠው እርሱ ነው።

ካሣው እንዴት ይሰላል? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ፣ ገበሬው እንደ ባለርስት ኪራይ አይጠይቅም። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት በቋሚነት ለተፈናቀለ ገበሬ የሚከፈለው የዓመታዊ አማካይ ገቢው 10 እጥፍ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ወደ 15 እጥፍ አሳድጎታል። የተርባይን ዕድሜ ግን ባብዛኛው 20 ዓመት ነው፤ መሬቱም ከዚያ በኋላ ይኖራል። በተጨማሪም ኤሌክትሪኩ በከፍተኛ ቮልቴጅ ወደ ብሔራዊው መረብ ስለሚገባ፣ ለአጎራባች መንደር የተለየ ትራንስፎርመርና ማከፋፈያ መስመር ካልተዘረጋ በስተቀር ከተርባይኑ አጠገብ መኖር ብቻውን መብራት አያመጣም። ከገንዘብ ካሣው ይልቅ ይህ መስመር ከግንባታው ውል ጋር አብሮ ቢታሰብ ይሻል ነበር ብዬ አምናለሁ።

በሌላ አገር ነገሩ በሌላ መልክ ተጀምሯል። በእንግሊዝ ኮርንዎል አውራጃ፣ ዴላቦል በተባለች መንደር አቅራቢያ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 የብሪታንያ የመጀመሪያው የንግድ ነፋስ ማመንጫ የተተከለው ገበሬው በገዛ እርሻው ላይ ባቀደው ሐሳብ ነበር። በወቅቱ እያንዳንዳቸው 400 ኪሎ ዋት የሆኑ 10 ተርባይኖች ቆመው ነበር። ሃያ ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ተነሥተው፣ እያንዳንዳቸው 2.3 ሜጋ ዋት በሆኑ 4 ተርባይኖች ተተኩ። ምሰሶዎቹ ከግማሽ በታች ሲሆኑ የማመንጨት አቅሙ ከ4 ወደ 9.2 ሜጋ ዋት አደገ። ዲያሜትሩ በእጥፍ ሲጨምር ስፋቱ ለምን አራት እጥፍ እንደሚሆን ከላይ ባለው ቀመር ማረጋገጡን ለተማሪዎች እንተወዋለን።