በሙቀት የሚጎዳውን ቀድሞ ማወቅ፦ የሠፈር የተጋላጭነት ካርታ አዘገጃጀት

ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

የሥልጠናው ዓላማ፦ ሠልጣኞች በቀጨኔ አካባቢ በሙቀት ወቅት ማን፣ የት፣ ለምን እንደሚጎዳ ለይተው በካርታ ላይ እንዲያስቀምጡና ለጤና ዕቅድ ግብዓት እንዲያቀርቡ ማስቻል።

1. መግቢያ

«እንጦጦ ሥር ተቀምጠን ስለ ሙቀት ምን እናወራለን?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ሌሊቱ ቀዝቃዛ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ውስጡ ከውጭው ጥላ ይልቅ ይሞቃል። ሸክላ የሚተኩሱ እናቶች የፀሐይና የእሳት ሙቀት ይደራረብባቸዋል። ከእንጦጦ ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችም ያለ ዕረፍትና ያለ ውሃ ረጅም መንገድ ይጓዛሉ። ዐቢይ ጾም የሚውለውም በዚሁ ወቅት በመሆኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ የሚሠራ ሰው ብዙ ነው።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1995 በአሜሪካ ቺካጎ ከተማ በሙቀት ምክንያት ከ700 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ጠያቂ ያልነበራቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ነበሩ። የህንዷ አህመዳባድ ከተማ ደግሞ በ2010 ከደረሰባት ከባድ ጉዳት ተምራ በ2013 የሙቀት መከላከያ ዕቅድ አወጣች። ከሁለቱ የምንማረው የሚጎዳውን ሰው ቤት ቀድሞ ማወቅ ሕይወት እንደሚያድን ነው።

2. ተጋላጭነት ማለት ምን ማለት ነው?

ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ሲታዩ ነው፦
- ሙቀቱ የሚበረታበት ቦታ፦ የተጠጋጉ የቆርቆሮ ቤቶች፣ የሸክላ መተኮሻ፣ ዛፍ የሌለው ገላጣ ሥፍራ።
- ቶሎ የሚጎዳ ሰው፦ አረጋውያን፣ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የልብ፣ የኩላሊት፣ የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማን።
- መቋቋሚያ፦ ጥላ፣ ውሃ፣ በቅርብ የሚጠይቅ ጎረቤት።

3. የካርታው አሠራር

ሀ. ከ8 እስከ 10 ሰው ያለው ቡድን ይቋቋም። የእድር ዳኛ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ከብት አርቢና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ይካተቱ።

ለ. መሬት ላይ ወንዙን፣ መንገዱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ የውሃ ቦኖውንና ጤና ጣቢያውን በእንጨት ሥሩ።

ሐ. ሙቀት በሚበረታበት ቦታ በቆሎ፣ ቶሎ የሚጎዳ ሰው ባለበት ባቄላ፣ መቋቋሚያ ባለበት ቅጠል አስቀምጡ።

መ. በቆሎና ባቄላ ተደራርበው ቅጠል የሌለበት ቦታ ቅድሚያ የሚሰጠው ነው።

ሠ. በቦታው ተዘዋውራችሁ አረጋግጡ። ከተቻለ በሦስት ተከታታይ ቀናት በ8 ሰዓት በቤት ውስጥና በዛፍ ጥላ ሥር ቴርሞሜትር አንብባችሁ መዝግቡ።

ረ. ንድፉን ወደ ወረቀት ገልብጡ። የሰው ስምና የሕመም ዓይነት አይጻፍ፤ ምልክት ብቻ ይበቃል። አንዱ ቅጂ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ይሰጥ፤ ሌላው በእድሩ ይቀመጥ። በየዓመቱ ጥር ላይ ይታደስ።

4. ከካርታው በኋላ

ለእያንዳንዱ ባቄላ በሞቃት ቀን በ7 ሰዓት የሚጠይቅ ጎረቤት መድቡ። ከባድ ሥራን ወደ ጠዋት አዙሩ። ቅድሚያ በተሰጠው ቦታ በክረምት ጥላ የሚሰጥ ዛፍ ትከሉ። የወተት ላሞችም ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ መኖ መቀነስ ስለሚጀምሩ ጥላና ያልተቋረጠ ውሃ ያስፈልጋቸዋል።

ሰው ሰውነቱ ግሎ ከተቀባዠረ ወይም ራሱን ከሳተ አደጋ ነው። ወደ ጥላ አግቡት፤ ልብሱን አላሉ፤ በውሃ አርጥባችሁ አራግቡለት። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ በአፍ አይሰጥም። ወዲያውኑ በ907 አምቡላንስ ጥሩ።

5. የመወያያ ጥያቄዎች

1. በእናንተ መንደር ብቻውን የሚኖር አረጋዊ ስንት ነው? ማን ይጠይቀዋል?
2. ሸክላ የሚተኮሰው በስንት ሰዓት ነው? ሰዓቱን መቀየር ይቻላል? ምን ያግዳል?
3. ቅጠል የሌለበት ቦታ ላይ ዘንድሮ ምን ልታደርጉ ትችላላችሁ?